ጠጅ ጊቤን ሲሻገር

መንደራ ቆጪ ከጅማ ከተማ ቀበሌዎች አንዷ ናት። ከአዲስ አበባ የመጣ ጎብኚ «በጅማ ምን የሚታይ ነገር አለ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በጅሬን ኮረብታ ላይ መሆኑን፣ የቀድሞው ትልቅ ገበያ በሒርማታ መሆኑን ይነግሩታል እንጂ፣ ወደ መንደራ ቆጪ ይዞት የሚመጣ ሰው የለም። ይህም አያስገርምም፤ በቆርቆሮ የተከደነ ቤት፣ የሙዝና የአቮካዶ ዛፍ ያለበት ግቢ፣ ዝናብ ሲዘንብ የሚጨቀይ መንገድ ለማየት ማንም 350 ኪሎ ሜትር ያህል አይጓዝም። ነገር ግን የጅማን ሰው ጠባይ ለማወቅ የሚፈልግ ቢኖር፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቶ በደጃፍ ይቁም። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ማልዶ ስለሚነሣ፣ መንገደኛው ሁሉ በዚያ ጨለማ የእጅ ባትሪ እያበራ ይወጣል። ባዶ እጁን የሚወጣ ግን አንድ እንኳ አይታይም።

አንዱ የሙዝ ግንድ የሚያህል ሸክም በኬሻ ጠቅልሎ ተሸክሟል። ሌላዋ ዶሮ በዘንቢል ይዛለች። ቡና የያዘ እንዳለ አይናገርም፤ ምክንያቱም ቡናን ከአምራች አገር አውጥቶ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1051/2009 የሚመራ ነገር በመሆኑ፣ ኬላ ላይ ለምን፣ ለማን፣ ስንት ኪሎ ተብሎ መጠየቅ አለና። ከሁሉም የሚበዛው ግን ቢጫ ጀሪካን ነው። በጀሪካኑ ውስጥ ያለው ዘይት አይደለም። ማር ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ፣ ምንም እንኳ አዋቂዎች ቢከለክሉ፣ ጠጅ ነው።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ አልፎ አልፎ ስለሚሆነው ነገር ነው።

ነገሩን እንዳስብበት ያደረገኝ በኮሌጅ አብሮኝ የተማረና አሁን በአሜሪካ የሚኖር አንድ ወዳጄ ነው። በቅርቡ ከባለቤቱ ጋር በመዝናኛ መርከብ ሊሳፈር ቲኬት ቆርጦ ኖሮ፣ በስልክ ስለ መርከቡ ሲያጫውተኝ ከመዋኛ ገንዳውና ከቲያትር ቤቱ ይልቅ ያስደነቀው የወይን ጠጅ ደንቡ ነበር። ደንቡ በየኩባንያው መጠነኛ ልዩነት ቢኖረውም፣ በብዙዎቹ ዘንድ እንዲህ ነው፦ ለአካለ መጠን የደረሰ እያንዳንዱ መንገደኛ በመሳፈሪያው ቀን 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ ያልተከፈተ አንድ ጠርሙስ ወይን ወይም ሻምፓኝ በእጁ ይዞ መግባት ይፈቀድለታል። ቢራና አረቄ ክልክል ናቸው። ያን አንድ ጠርሙስ በመኝታ ክፍሉ ቢጠጣው በነጻ ነው፤ ወደ መርከቡ ምግብ ቤት ይዞት ቢሄድ ግን አስተናጋጁ ቡሹን ስለ ነቀለ ብቻ ይከፍላል። መርከቡ በየወደቡ ሲቆም ከከተማ የገዛው መጠጥ ካለ፣ በመግቢያው ላይ ተቀብለው እስከ ጉዞው መጨረሻ ድረስ ያስቀምጡበታል።

ምክንያቱ የሃይማኖትም የጤናም አይደለም። የቲኬቱ ዋጋ አልጋውንና ምግቡን ሲሸፍን መጠጡ ለብቻው ስለሚሸጥ፣ ኩባንያው ከመጠጥ ቤቱ ብዙ ገንዘብ ያገኛል። በባሕር መካከል ሌላ መጠጥ ቤት የለም፤ ስለዚህ መንገደኛው ይዞት የሚገባው ጠርሙስ ብቸኛው ተወዳዳሪ ነው ማለት ነው። ይህ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ የሠርግ አዳራሽ የተከራየ ሰው «ኮርኬጅ» የሚባለውን ቃል ያውቀዋል። ከውጭ ለሚገባ ለእያንዳንዱ ጠርሙስ የሚከፈል ነው።

በአገራችን ልማድ መጠጥ ይዞ መግባት ሁለት ዓይነት ነው። እንግዳ ያመጣውን ለባለቤቲቱ አስረክቦ፣ እሷ ከቀዳችለት ቢጠጣ ስጦታ ነው፤ ይመረቃል። የራሱን ከጉያው አውጥቶ ለራሱ ቢጠጣ ግን ባለቤቱን «ቤትህ ባዶ ነው» ብሎ መስደብ ነው። በመርከቡ ደንብ የተፈቀደው በእኛ ዘንድ ነውር የሆነው ሁለተኛው መሆኑ ትንሽ ያስቃል።

በጅማ ግን ሦስተኛ ዓይነት አለ። የአካባቢው ሕዝብ አብዛኛው እስላም ስለሆነ፣ የድግስ መጠጡ ብርዝ ነው፤ ማር በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ፣ ተጠልሎ፣ ጌሾ ሳይገባበት፣ ሳይሰክር የሚጠጣ። የመንደራ ቆጪ ሽማግሌ ወደማያውቀው ቤት ለለቅሶም ሆነ ለሠርግ ሲሄድ ብርዝ በኮዳ ቢይዝ ቤቱን ናቀ አይባልም። የሚቀዳለት ነገር የሚያሰክር መሆን አለመሆኑን ስለማያውቅ ነው። በጾም ቀን ምሳውን ቋጥሮ የሚሄድ የክርስቲያን መንገደኛ እንዳለ ሁሉ ማለት ነው፤ አንዱ የሌላውን ያውቅለታል።

ታዲያ ብርዝና ጠጅ ከአንድ እናት የተወለዱ ናቸው። የቤት አከራዬ ብርዝ በማዘጋጀት የታወቁ እናት ሲሆኑ፣ ማለዳ የበጠበጡትን ለማታ አያሳድሩም። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ብርዝ ሲያድር ጠጅ ልሁን ማለት ይጀምረዋል» አሉኝ። የኬሚስትሪ መምህር በዚህ ላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው። በማሩ ውስጥና በአየሩ ያለው እርሾ፣ ውሃ ባገኘ ጊዜ ስኳሩን መብላት ይጀምራል፤ ከስኳሩም አልኮልና የካርቦን ጋዝ ያወጣል።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ባለፈው የሠርግ ወራት በሠፈራችን አንድ ጡረተኛ ልጃቸውን ለመዳር ተነሡ። እሳቸው ከ30 ዓመት በላይ በመዝገብ ቤት ጸሓፊነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። ልጁ በአዲስ አበባ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆነ ሠርጉ እዚያው በአንድ ሆቴል አዳራሽ ተቀጠረ። አዳራሹ የውጭ መጠጥ ለማስገባት በጠርሙስ ኮርኬጅ ጠየቀ፤ የሆቴሉ መጠጥ ዋጋ ደግሞ በጡረታ ደመወዝ የሚደፈር አልነበረም። ይሁን እንጂ አባትየውን የከነከናቸው ገንዘቡ ብቻ አይደለም። የሙሽራይቱ ወገኖች የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው። «የጅማ ሰው ልጁን በሰው ቢራ ዳረ ይሉኛል» አሉ። የጌራን ማር ያላስቀመሱ እንደሆነ፣ ልጃቸው ከየት እንደ መጣ የሚያስረዳላቸው ሌላ ነገር አልታያቸውም።

ስለ ጌራ ማር ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልናገር። ከጅማ በስተ ምዕራብ፣ ከአጋሮ ወዲያ ባለው ደን፣ ንብ አርቢዎች ረጃጅም ቀፎ በዛፍ ላይ ይሰቅላሉ። የማሩ መልክ ንቡ እንደ ቀሰመው አበባ ይለያያል። በኦሮምኛ ገተማ የሚባለው ዛፍ ሲያብብ የሚቆረጠው ማር ነጭ ነው፤ በኦሮምኛ መካኒሳ የሚሉት ብሳና ደግሞ መልኩ ጠቆር ያለ ማር ይሰጣል። የቡናው አበባም ለንቡ የራሱን ድርሻ ያበረክታል። የገበያው ሴቶች ማሩን በጣታቸው ቀምሰው ከየትኛው አበባ እንደሆነ ሲናገሩ የሰማሁት ብዙ ጊዜ ነው፤ ሲሳሳቱ ግን አልሰማሁም።

በአባትየው ቤት ምክር ተደረገ። ቡና ተፈላ፤ ጎረቤት ተጠራ፤ እኔም ተጠራሁ። አንዱ ወገን «ጠጁ እዚሁ ተጥሎ፣ ደርሶ፣ በበርሜል በጭነት መኪና ይሂድ» አለ። ሌላው «ጣጣውን ትታችሁ የሆቴሉን ቢራ ግዙ» አለ። ሦስተኛው ማሩ ይሂድ ባይ ነበር። «ቲቸር፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ምን ትላለህ?» ሲሉኝ፣ ከእኔ በፊት አንድ ሽማግሌ ቀደሙኝ። እሳቸው በሌላ ዓመት 20 ሊትር ጠጅ ለእህታቸው ልጅ ይዘው ተሳፍረው ነበር።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ጀሪካኑ ክዳኑ ጠብቆ በአውቶቡሱ ፖርቶመጋላ ላይ ታሰረ። ሰርቦንና አሰንዳቦን በሰላም አለፉ። መንገዱ ከጅማ ተነሥቶ በግልገል ጊቤ ሐይቅ አጠገብ ያልፋል፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት ኃይል የሚያመነጨው ጣቢያ ግድብ የፈጠረው ሐይቅ ነው። ከሰኮሩ በኋላ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ጅማ 1700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ወይና ደጋ ስትሆን፣ የጊቤ ድልድይ 1100 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቆላ ነው። ቀትር ላይ የደረሰ መንገደኛ ኮቱን ያወልቃል፤ መስኮት ይከፈታል፤ ሕፃናት ያለቅሳሉ። ሽማግሌው ጠጃቸው በጣሪያው ላይ ምን እየሠራ እንዳለ አላሰቡም። ዳገቱን ወጥተው ወልቂጤ ሊገቡ ሲሉ ከላይ እንደ ጥይት ያለ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ቢጫ ውሃ በመስኮቱ በኩል ይወርድ ጀመር። የአንዲት ወይዘሮ ነጭ ነጠላ ተበላሸ። ሾፌሩ አቁሞ ረዳቱ ወደ ጣሪያው ወጣና «የማን ጠጅ ነው?» እያለ ጮኸ። «እኔ ነኝ ያለ ሰው አልነበረም» አሉ ሽማግሌው። «እኔም አላልኩም።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ነገር ግን ጠጁ በበርሜል ይሂድ ያሉት ወገኖች ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ቀነሰ።

የሆነው ነገር ሦስት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ጠጅ ደረሰ ቢባልም እርሾው አልሞተም። በአንድ ሊትር ጠጅ ውስጥ 50 ግራም ስኳር ቢቀርና እርሾው ሁሉንም ቢበላው፣ ከ12 ሊትር በላይ የካርቦን ጋዝ ይወጣል፤ ይህ ሁሉ በታሸገ ጀሪካን ውስጥ መሄጃ የለውም። ሁለተኛ፣ እርሾ ሙቀት ይወዳል፤ በጅማ ብርድ ያንቀላፋው በጊቤ ቆላ ይነቃል፤ የመንገዱም ንውጥውጥታ ጋዙን ከፈሳሹ ያላቅቀዋል። ሦስተኛ፣ መንገዱ ከጊቤ በኋላ ወደ ላይ ስለሚወጣ የውጭው አየር ግፊት ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ቆላ ላይ የታሸገ ባዶ ፕላስቲክ እንኳ ደጋ ሲደርስ ይነፋል፤ በጠጅ የተሞላውማ እንዴት ይሆናል! ጠጅ ማጓጓዝ ግድ የሆነባቸው ሰዎች አፉን በክዳን ሳይሆን በኮባ ቅጠል የሚወትፉት ጋዙ መውጫ እንዲያገኝ ነው። ያኔ ግን ግማሹ በመንገድ ይፈስሳል።

በመርከብ የሚሄደው ወይን እንዲህ ያለ ችግር የሌለበት ለምንድን ነው? ወይኑም ድሮ ችግር ነበረበት። ፖርቱጋሎች ከማዴራ ደሴት ወይን በበርሜል ጭነው ሞቃቱን ባሕር ሲያቋርጡ እንዳይበላሽ ጠንካራ አልኮል ይጨምሩበት ነበር። በመርከቡ ሆድ ውስጥ ለወራት ሙቀት የመታው ያ ወይን ጣዕሙ ከቀድሞው ተሽሎ ስለ ተገኘ፣ በኋላ ጠማቂዎቹ በመሬት ላይ ሆነው ሆን ብለው ያሞቁት ጀመር። በፈረንሳይ ደግሞ ወደ ውጭ የሚላከው ወይን እየተበላሸ ስላስቸገረ፣ በ1863 እ.ኤ.አ. ናፖሊዮን ሣልሳዊ ሉዊ ፓስተርን ምክንያቱን እንዲመረምር ጠየቀው። ፓስተር ወይኑን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ብቻ ማሞቅ የሚያበላሹትን ነፍሳት እንደሚገድል አሳይቶ፣ በ1866 እ.ኤ.አ. ስለ ወይን የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ ወተታችንን «ፓስተራይዝድ» የምንለው በእሱ ስም ነው። በጠርሙስ የሚሸጠው ወይን እርሾው ሥራውን ጨርሶ፣ ተጣርቶ የታሸገ ነው። ከአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ የሚወጣው ጉደርም ሆነ፣ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዝዋይ የሚመጣው ሪፍት ቫሊ፣ ጊቤን ሃያ ጊዜ ቢሻገር ቡሹን አይወረውርም። የቤት ጠጅ ግን በሕይወት ያለ ነገር ነው። ይህ ጣዕሙን የሰጠው ጠባይ ነው፤ ከቤቱም እንዳይርቅ ያደረገው እሱው ነው።

የጥንቱ የጅማ ነጋዴ ይህን ሁሉ ያለ ፓስተር ያውቀው ነበር። በሒርማታ የሐሙስ ገበያ የነበረው ሲራራ ነጋዴ አሞሌ ጨው ይዞ መጥቶ ቡናና ዝባድ ጭኖ ሲመለስ፣ ለመንገዱ የሚይዘው በሶና ቋንጣ ነው፤ መጠጡን በየወንዙ ያገኘዋል፤ በሶውን በውሃ ይበጠብጣል። ኦሮሞዎች ቡና ቀላ የሚሉት ደግሞ አለ፦ ቡናው ከነገለባው በቅቤ ተጠብሶ የሚበላ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ ኦሮሞዎች ለረጅም መንገድ ቡና በቅቤ ለውሰው፣ በድቡልቡል አድርገው በቆዳ ከረጢት እንደሚይዙ ጽፏል። የመንገድ ስንቅ ሁሉ ሕጉ አንድ ነው፤ ውሃውን ትተህ ፍሬውን ትይዛለህ።

በአውሮፕላን ስለሚሄደውም በጉባኤው ተነሣ፤ ከጅማም የሚበር አለና። የዓለም አቀፉ ደንብ አልኮሉ ከመቶ 24 እጅ የማይበልጥ መጠጥ በሚመዘገበው ሻንጣ ውስጥ እንዲገባ አይከለክልም፤ ጠጅ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ስለሆነ በዚህ በኩል ያልፋል። ከ24 እስከ 70 እጅ የሆነው በፋብሪካ እሽግ ከሆነ ለአንድ ሰው 5 ሊትር ነው፤ ስለዚህ በጀሪካን ያለ የቤት አረቄ አይሄድም። የአውሮፕላኑ ክፍል አየር ደግሞ በበረራ ላይ ቢሳሳ እስከ 2400 ሜትር ከፍታ ባለው ልክ ነው፤ ይኸውም በአዲስ አበባ የምንተነፍሰው ዓይነት ነው። በእጅ ሻንጣ ግን ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ በብዙ አገሮች ከ100 ሚሊ ሊትር የበለጠ ፈሳሽ ማስገባት ክልክል ሆነ፤ ጥቂት ጣቢያዎች በአዲስ የመፈተሻ መሣሪያ ምክንያት ቢያላሉትም። በዚህ ደንብ ማርም እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል። ለልጆቻቸው ወደ ውጭ አገር ማር በእጃቸው ይዘው የሚሄዱ እናቶች በፍተሻው በር ላይ የሚደርስባቸው ሐዘን ከዚህ የመጣ ነው።

የእኔ ቃል በምክሩ መጨረሻ መጣ፤ አጭር ነበር። ከ40 ኪሎ ማር ከ100 ሊትር በላይ ጠጅ ይወጣል። የቀረው ውሃ ነው። «ጋሼ፣ ውሃ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስለ ምን ይጭናሉ?» አልኳቸው። ማር ውስጥ ያለው ውሃ ከመቶ 20 እጅ አካባቢ ብቻ ስለሆነ እርሾ በዚያ አይሠራም፤ ማሩ በጊቤ ቢሞቅ ይቀጥናል እንጂ አይፈላም። አባትየው ትንሽ አሰቡና፣ «ማሩስ ይሂድ፤ እጁን ግን ከየት አመጣለሁ?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። የጌሾውን ልክ፣ ጋኑን በወይራ ማጠኑን፣ መቼ እንደሚገለጥ የምታውቀው ጠጅ ጣይ ናት እንጂ ማሩ አይደለም።

ስለዚህ ጠጅ ጣይዋ ራሷ ተሳፈረች። ከሠርጉ 25 ቀን አስቀድሞ፣ ከ40 ኪሎ ማርና ከአንድ ማዳበሪያ የጌሾ እንጨት ጋር፣ የአውቶቡሱን የፊት ወንበር ይዛ ጊቤን ተሻገረች። በዘመድ ቤት ጋን ተገኘ፤ የአዲስ አበባ ብርድ ፍላቱን ስላዘገየባት ጋኑን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ከማድ ቤቱ ግድግዳ አስጠጋችው። ለእስላም እንግዶች ከዚያው ማር አምስት ኪሎ ቀንሳ አስቀመጠች፤ ብርዙን የበጠበጠችው በሠርጉ ዕለት ማለዳ ነው።

በአዳራሹ በር የሆቴሉ ኃላፊ ወረቀቱን ይዞ ቆሞ ነበር። ኮርኬጁ በጠርሙስ ስለሚቆጠር ጠርሙሶቹን ሊቆጥር ፈለገ። የመጣለት ጋንና እንስራ ነው። ሁለት ጊዜ ዞረው። «ስንት ጠርሙስ ይሆናል?» ብሎ ጠየቀ። አባትየው በ30 ዓመት የመዝገብ ቤት አገልግሎታቸው የተማሩትን ትዕግሥት ይዘው፣ «ቡሽ ካገኘህበት እከፍላለሁ» አሉት። ክርክሩ ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀ። በመጨረሻ አንድ ብርሌ ተቀዳለት፤ ቀመሰው፤ ሌላ ጠየቀ። ለብርሌ ማጠቢያና ለአስተናጋጆች አንድ ቁርጥ ሒሳብ ተስማሙ፤ ደረሰኙም ላይ የተጻፈው «የቡሽ መንቀያ» የሚል ነው፤ ሌላ መደብ ስላልነበረው።